በሌሊት በዶዘር የተቆፈረው ሜግስ ፊልድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ ሲሙሌተር (ኮምፒዩተር ላይ አውሮፕላን የሚበርበት ጌም) የሚያበሩ ልጆች፣ አንዳንዴም አባቶቻቸው፣ ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ፤ «ዓ.ም.» ካልተጻፈበት ዓመቱ የፈረንጅ ነው።

ሜግስ ፊልድ ምንድን ነው? የትስ ነው ያለው?

አሜሪካ፣ ቺካጎ ከተማ ውስጥ የነበረ ትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ከ2003 ወዲህ የለም። ሚሺጋን ሐይቅ ዳር፣ ሰው ውሃውን በአፈር ሞልቶ በሠራው ኖርዘርሊ አይላንድ የሚባል መሬት ላይ ነበር። መሬቱ ወደ 37 ሄክታር ይሆናል። መንደርደሪያው አንድ ብቻ ነበር፤ ርዝመቱ 1,189 ሜትር ገደማ። በአንድ ጎኑ ሐይቁ፣ በሌላው ጎኑ የጀልባ ማቆሚያ፣ ከዚያ ማዶ የመሀል ከተማው ሰማይ ጠቀስ ፎቆች።

ውበቱም ጥቅሙም ይኸው ቅርበቱ ነበር። ከአውሮፕላን ወርዶ ታክሲ የያዘ ሰው በጥቂት ደቂቃ ቢሮው ይገባል። ከደሴ ተነስቶ ሐረጎን ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ለሚሳፈር ሰው ይሄ ቅንጦት ነው። ቺካጎ ሌሎች ሁለት ትልልቅ ማረፊያዎች አሏት፤ ኦሄር እና ሚድዌይ። እነሱ ግን ከመሀል ከተማው ይርቃሉ።

ሲሙሌተሩ ለምን ከዚያ ይጀምራል?

የመጀመሪያውን የማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር የሠራው ብሩስ አርትዊክ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ቺካጎ ደግሞ የኢሊኖይ ግዛት ትልቋ ከተማ ናት። ያው ሰው የሚያውቀውን ሰፈር ነው የሚሠራው። ጌሙ በ1982 ሲወጣ ሴስና የምትባለው ትንሽ አውሮፕላን ሜግስ መንደርደሪያ ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር፤ በቀጣዮቹ እትሞችም ለብዙ ዓመታት እዚያው ቆየች። በዚህ ምክንያት ቺካጎን በእግሩ ረግጦ የማያውቅ ስንት ሰው የሐይቁን ዳርቻ በቃሉ ያውቀዋል። ቪዛ የጠየቀን የለም።

እውነተኛው ማረፊያ ከተዘጋ ከጥቂት ወራት በኋላ የወጣው እትም መነሻውን ወደ ሲያትል አዛወረው። ስለዚህ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ያየኸው ሜግስ አዲሱ ላይ ቢጠፋብህ ጌሙ ተበላሽቶ አይደለም። ናፋቂዎች ሠርተው የለቀቁት ተጨማሪ ፋይል አለ፤ እሱን መጫን ይቻላል።

«ጄኔራል አቪዬሽን» የሚሉት ምንድን ነው? የኮምቦልቻው ከዚያ ይመደባል?

ትኬት ቆርጠህ በፕሮግራም ከምትሳፈርበት በረራና ከወታደራዊ በረራ ውጭ ያለው ሁሉ፣ በግርድፉ፣ ጄኔራል አቪዬሽን ይባላል። የግል አውሮፕላን፣ የማሠልጠኛ በረራ፣ የነጋዴ ጄት፣ በሽተኛ የሚያመላልስ፣ ማሳ ላይ መድኃኒት የሚረጭ። ሜግስ በዋናነት የዚህ ዓይነት ነበር። የግዛቱ ባለሥልጣናት ወደ ዋና ከተማቸው ስፕሪንግፊልድ የሚመላለሱበትም እሱ ነው። በአንዳንድ ዘመን ትንንሽ የመንገደኛ መስመሮችም ነበሩት።

ኮምቦልቻ ሌላ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በፕሮግራም፣ ኪው 400 በሚባለው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ይበርበታል። ማረፊያው ኮምቦልቻ ቢሆንም ዓለም አቀፍ ኮዱ ዲ-ኤስ-ኢ ነው፤ ከደሴ ስም የተወሰደ። ሻንጣችሁ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ልብ ብላችሁ እዩት። የኮምቦልቻ ሰው በዚህ ቅር ሲለው ሰምቻለሁ፤ እውነቱን ነው። ጦሳ ሥር የተወሸቀችው ደሴ ግን ይህን የሚያህል ሜዳ ከየት ታመጣለች?

ማን ሠራው? ሜግስስ ማን ነው?

ሐይቁ ዳር ሰው ሠራሽ ደሴቶች ይኑሩ የሚለው ሐሳብ የመጣው በ1909 ከወጣው የቺካጎ ከተማ ፕላን ነው። ፕላኑ ላይ ግን ደሴቶቹ የሕዝብ መናፈሻ እንጂ አውሮፕላን ማረፊያ አልነበሩም። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ይመጣል። መሬቱ በ1920ዎቹ ተሞልቶ በ1933 እና በ1934 የዓለም ኤግዚቢሽን ተደረገበት። ማረፊያው የተከፈተው ዲሴምበር 10፣ 1948 ነው።

ሜሪል ሜግስ የጋዜጣ አሳታሚ ነበር። መብረር የሚወድ፣ ራሱም የሚያበር ሰው። ለመሀል ከተማው ቅርብ የሆነ ማረፊያ ያስፈልገናል እያለ ዓመታት ወተወተ። ከተማው በመጨረሻ ሠራለት፤ ብዙም ሳይቆይ ስሙን ሰጠው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ባለ አንድ መንደርደሪያ ከሆኑ የአሜሪካ ማረፊያዎች ሁሉ በሥራ የተጨናነቀው ሜግስ ነበር።

እውነት ቦይንግ አርፎበታል?

አርፎበታል። በ1992 ዩናይትድ አየር መንገድ አንድ ጡረታ የወጣ ቦይንግ 727 ለቺካጎ የሳይንስና ኢንዱስትሪ ሙዚየም ሰጠ። ሙዚየሙ ሐይቁ ዳር ስለሆነ አውሮፕላኑን ወደዚያ ለመውሰድ የሚቀርበው ማረፊያ ሜግስ ነው። ለሦስት ሞተር ጄት 1,189 ሜትር አጭር ነው። ክብደቱን አቃልለው በጥንቃቄ አሳረፉት። ሲሙሌተር ላይ ሞክሩት፤ ስትሞክሩ ግን ፍሬን ላይ እንጂ ዕድል ላይ አትተማመኑ። መልሶ ለመነሳት አልታሰበም፤ ከዚያ በጀልባ ነው የተወሰደው።

ከሜግስ በቀላሉ የሚነሳው ሴስና ኮምቦልቻ ላይ ለምን እምቢ ይለኛል?

ጌም ቤት ውስጥ ኪቦርድ የሚያስደበድበው ጥያቄ ይሄ ነው። አብሽሩ፣ ኪቦርዱም ጌሙም ደህና ነው። ሜግስ ከባሕር ወለል በላይ 180 ሜትር ገደማ ነው። የኮምቦልቻው ወደ 1,860 ሜትር። ከፍ ባልክ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። የሳሳ አየር ሦስት ቦታ ይጎዳሃል፤ ሞተሩ የሚተነፍሰው ያንሳል፣ ፕሮፔለሩ የሚገፋው ያንሳል፣ ክንፉ የሚደገፍበት ያንሳል።

ሙቀት ሲጨመርበት ይብሳል። በኮምቦልቻ ቀትር ላይ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ቢሆን፣ አውሮፕላኑ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ያህል ነው የሚሰማው። ከኮምቦልቻ ሳይነሳ ከደሴ በላይ የወጣ ያህል ማለት ነው። ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የሴስና ሞተር እዚያ ላይ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ለመነሳት የሚያስፈልገው ሩጫ ሐይቅ ዳር ከሚያስፈልገው ከእጥፍ በላይ ይሆናል።

መፍትሔው፦ ጠዋት በቀዝቃዛው ተነስ። ነዳጁን ሙሉ አትጫን። ከሁሉ በፊት ደግሞ ቀዩን እንቡጥ፣ የነዳጅና የአየር ድብልቁን የሚያስተካክለውን ሚክስቸር፣ ትንሽ ሳብ አድርገው። ቺካጎ ላይ ነዳጁን ሙሉ ከፍተህ ትነሳለህ። ኮምቦልቻ ላይ እንደዚያ ካደረግህ ሞተሩ ለሳሳው አየር የበዛ ነዳጅ ይጠጣና ያንቀዋል። የሞተሩ ዙር ከፍ እስኪል ቀስ ብለህ ሳበው። አብዛኛው «እምቢ አለኝ» የሚል ልጅ ችግሩ ይቺ እንቡጥ ናት።

ቺካጎ ከኢትዮጵያ አቪዬሽን ጋር ምን ያገናኛታል?

በጣም ይገናኛሉ። ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ከቺካጎ የመጡ ጥቁር አሜሪካዊ ፓይለት ነበሩ። ጥቁር ሰው የበረራ ትምህርት ቤት ደጃፍ በማይረግጥበት ዘመን ተምረው፣ ሌሎችንም አስተማሩ። ማረፊያ የሚያከራያቸው ስላልነበረ ከጓደኛቸው ከኮርኔሊየስ ኮፊ ጋር ሆነው ሮቢንስ በምትባል የጥቁሮች መንደር የራሳቸውን ሜዳ ከፈቱ። ብዙ ሳይቆይ አውሎ ነፋስ አፈረሰው። እሱም የተዘጋ ትንሽ ማረፊያ ነው፤ ጋዜጠኛ ግን አልጮኸለትም።

በ1935 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የንጉሠ ነገሥቱን ትንሽ አየር ኃይል መሩ። ሆኖም መሣሪያ በሌላቸው አሮጌ አውሮፕላኖች በአዲስ አበባና በሰሜን ግንባር መካከል መልእክትና ሰው ከማመላለስ ያለፈ ብዙ ማድረግ አይቻልም ነበር። ደሴ ደግሞ በዚያው ሰሞን አውሮፕላንን በቦምብ ተዋወቀችው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ ሆስፒታሉ እንኳ አልተረፈም። ንጉሠ ነገሥቱ እዚያው ነበሩ። ጸረ አውሮፕላን መትረየስ ይዘው የተነሱትን ፎቶ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ከአምስት ዓመት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። በ1941 የደቡብ አፍሪካ አውሮፕላኖች በኮምቦልቻና በደሴ የነበሩትን የጣሊያን ማረፊያዎች መቱ፤ ኤፕሪል 26 ቀን ደሴ ነጻ ወጣች።

ሮቢንሰን ከጦርነቱ በኋላ ተመልሰው መጥተው ፓይለት አሠለጠኑ። በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ሞተው አዲስ አበባ ተቀበሩ። ከሜግስ ጋር የሚያያዘው ክር እዚህ ላይ ነው። ሮቢንሰን በተማሩበት ተስኪጊ በሚባለው የጥቁሮች ኮሌጅ በኋላ የሠለጠኑት ጥቁር የጦር ፓይለቶች የቺካጎ ማኅበራቸው ሜግስ ላይ የከተማውን ልጆች በነጻ ያበር ነበር። ማረፊያው ሲዘጋ የልጆቹ በረራ ወደ ሌላ ከተማ ተሰደደ።

ከንቲባው ለምን ሊዘጉት ፈለጉ?

ከንቲባ ሪቻርድ ኤም. ዴሌይ ከ1989 እስከ 2011 ቺካጎን መርተዋል። አባታቸውም ከእሳቸው በፊት ከሃያ ዓመት በላይ ከንቲባ ነበሩ። ልጅየው በ1994 ማረፊያውን ዘግተን መናፈሻ እናድርገው አሉ። ያ የ1909 ፕላን እንግዲህ እዚህ ጋ ተመዘዘ። መከራከሪያው የሚናቅ አይደለም። ሐይቁ የሁሉም ነው፤ መንደርደሪያው ግን አውሮፕላን ላላቸው ጥቂት ሰዎች ነው። ሀብታም በጄቱ ከሚያርፍበት ድሃ ልጁን ይዞ የሚንሸራሸርበት ቢሆን ማን ይጠላል?

በ1996 መሬቱን ለማረፊያው ያከራየው የመናፈሻ መሥሪያ ቤት ውሉን አላድስም አለ። ማረፊያው ተዘጋ፤ መንደርደሪያው ላይ የኤክስ ምልክት ተቀባ። የግዛቱ መንግሥት ተቆጣ፤ ጭቅጭቁ ከረረ። በስምምነት በ1997 መጀመሪያ ላይ ተከፈተ። በ2001 ደግሞ ከንቲባው ከግዛቱ ገዥ ጋር ሌላ ስምምነት ደረሱ። ኦሄር ይስፋፋ፣ ሜግስም እስከ 2026 ይቆይ የሚል። ይህን የሚያጸናው የፌዴራል ሕግ ግን በ2002 ሳይጸድቅ ቀረ።

ከመስከረሙ የኒውዮርክ ጥቃት በኋላ ምክንያቱ ተለወጠ። መናፈሻ ቀርቶ ጸጥታ ሆነ፤ ትንንሽ አውሮፕላኖች በፎቆቹ አጠገብ እየበረሩ ያሰጋሉ ተባለ። እኔን አያሳምነኝም። ማረፊያው እያለ የቁጥጥር ማማው እዚያ የሚበረውን ሁሉ ያይና ያነጋግር ነበር። ማማው ሲጠፋ ፎቆቹ ከቦታቸው አልተነሱም፤ የሚያይላቸው ግን ቀነሰ። ፓይለቶቹ ያኔ ያሉት ይህንኑ ነው። ለጸጥታ ኃላፊ የሆነው የፌዴራል መሥሪያ ቤትም ዝጉ አላለም።

በዚያች ሌሊት ምን ሆነ?

እሑድ መጋቢት 21 ቀን 1995 ዓ.ም. ነበር፤ በፈረንጁ ማርች 30፣ 2003። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ዶዘሮችና ከባድ መኪኖች በፖሊስ ታጅበው ገቡ። መንደርደሪያው መሀል ላይ ስድስት ትልልቅ የኤክስ ምልክት ቆፈሩ። በረራን ለሚቆጣጠረው የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር አልተነገረም። አውሮፕላናቸውን እዚያ አቁመው ለተኙት ባለቤቶችም አልተነገረም። ጠዋት ሰው ሲነቃ ነገሩ አልቆ ነበር።

ኤክስ ለፓይለት «ዝግ ነው፣ እንዳታርፍ» ማለት ነው። ወትሮ በቀለም ነው የሚደረገው። በ1996ም በቀለም ነበር፤ ቀለም ስለሚፋቅም ማረፊያው ተመልሶ ተከፈተ። ከንቲባው ከዚያ የተማሩ ይመስለኛል። ፍርድ ቤት ዕግድ ሊያወጣ የሚችለው ገና ባልተደረገ ነገር ላይ ነው። የተቆፈረ አስፋልት ላይ ዕግድ ምን ይሠራል? በማግስቱ ከንቲባው ወጥተው በግልጽ ተናገሩ። በክርክር ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይጓተት ነበር ነው የንግግራቸው መንፈስ።

ውስጥ የቀሩት አውሮፕላኖች እንዴት ወጡ?

16 አውሮፕላኖች ታግተው ነበር። ከመንደርደሪያው ጎን አውሮፕላን በዝግታ የሚነዳበት ጠባብ መንገድ አለ፤ ታክሲዌይ ይሉታል። ከጥቂት ቀናት በኋላ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደሩ ከታክሲዌዩ ላይ እንዲነሱ ፈቀደ። ትንንሽ ስለነበሩ ተነሱ። ሲሙሌተር ላይ ከታክሲዌይ መነሳት እንደ ቀልድ ይደረጋል። በእውነተኛው ዓለም ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ነው።

ከንቲባው አልተጠየቁም?

ከተማው ተቀጣ። አንድ ማረፊያ ከመዘጋቱ 30 ቀን በፊት ለአቪዬሽን አስተዳደሩ ማሳወቅ ግዴታ ነው። የቅጣቱ ጣሪያ በቀን 1,100 ዶላር ነበር። ለ30 ቀን አባዙት፤ 33,000 ዶላር ይመጣል። ለቺካጎ የሚያህል ከተማ ይሄ የሻይ ነው። በ2006 ከተማው ቅጣቱን ከፈለ። ያለአግባብ ለማፍረሻ ካዋለው የአቪዬሽን ገንዘብም 1 ሚሊዮን ዶላር መለሰ። ከንቲባው ራሳቸው ግን በተከታዩ ምርጫም አሸነፉ።

የአሜሪካ ምክር ቤት ቅጣቱ ማላገጫ መሆኑ ስለገባው በዚያው በ2003 መጨረሻ ሕጉን አሻሻለ። ማሻሻያው ሳያሳውቅ የሚዘጋ በቀን እስከ 10,000 ዶላር እንዲቀጣ ደነገገ። ድንጋጌው በሜግስ ስም ነው የሚጠራው። ለሜግስ ግን አልደረሰለትም።

ያን ያህል ሕግ ባለበት አገር እንዴት አላዳነውም?

ከባዱ ጥያቄ ይሄ ነው። ብዙ ሰው «ጉልበተኛ ከንቲባ ስለነበረ» ብሎ ያልፈዋል። ጉልበቱ አለ፤ ግን ሜግስን የገደለው ዶዘሩ ሳይሆን ጊዜው ያለፈ ወረቀት ነው ባይ ነኝ።

አሜሪካ ውስጥ የፌዴራሉ መንግሥት ለማረፊያ ማሻሻያ ገንዘብ ይሰጣል። ተቀባዩ ደግሞ ማረፊያውን ክፍት አድርጌ አቆያለሁ ብሎ ይፈርማል፤ ግዴታው ብዙውን ጊዜ 20 ዓመት ነው። ገንዘብ በተቀበልክ ቁጥር ሰዓቱ እንደገና ይጀምራል። ቺካጎ ለሜግስ አዲስ ገንዘብ መቀበል ካቆመች ቆይታ ነበር፤ የፈረመችው ግዴታ በ1990ዎቹ አጋማሽ አለቀ። የመጀመሪያው የመዝጋት ሙከራ በ1996 የመጣው በአጋጣሚ አይደለም። የመሬቱ ኪራይም በዚያው ጊዜ ነው ያለቀው። ከዚያ ወዲያ ማረፊያው ውሉ ያለቀ ተከራይ ሆኖ በአከራዩ ደግነት ነው የኖረው። የ2001ዱ ስምምነት ያዳነው ይመስል ነበር፤ ሕግ ሆኖ ስላልጸደቀ ግን የሁለት ፖለቲከኞች መጨባበጥ ብቻ ነበር። ስለዚህ አስተዳደሩ የከሰሰው «ለምን ዘጋህ» ብሎ አይደለም፤ «ለምን አልነገርከኝም» ብሎ ነው።

በካሊፎርኒያ ያለውን የሳንታ ሞኒካን ማረፊያ አስተያዩት። እዚያም ከተማው ሊዘጋው ለአሥርት ዓመታት ታገለ። ግን የሚይዝ ወረቀት ስለነበረ ዶዘር አልገባም። በ2017 ተደራደሩና እስከ 2028 መጨረሻ ክፍት እንዲቆይ ተፈራረሙ። ባለ አውሮፕላኖቹ ዕቃቸውን ለመሰብሰብ ከአሥር ዓመት በላይ አገኙ። የሜግሶቹ አንዲት ሌሊት እንኳ አላገኙም።

አሁን ቦታው ላይ ምን አለ? ይከፈት ይሆን?

መናፈሻ ሆኗል። ሣር፣ ኩሬ፣ ወፍ፣ የእግር መንገድ፣ በበጋ ኮንሰርት የሚደረግበት መድረክ። የመንገደኞች ማስተናገጃው ሕንፃ አልፈረሰም፤ ለመናፈሻው አገልግሎት ይውላል። አይከፈትም። እውነት ለመናገር መናፈሻው ያምራል፤ የሄዱ ሰዎች ሁሉ ይመሰክራሉ። ቅሬታዬ በውጤቱ ላይ ሳይሆን በአኳኋኑ ላይ ነው።

እኛ አገር እንዲህ የተዘጋ ማረፊያ አለ?

ልደታ አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያው በረራ ኤፕሪል 8፣ 1946 ከልደታ ተነስቶ በአስመራ በኩል ካይሮ ገባ። ጄት ሲመጣ መንደርደሪያው አልበቃ አለ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሥራው ወደ ቦሌ ዞረ። አዲስ አበባ «ኦልድ ኤርፖርት» የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ታክሲ ረዳቱ በየቀኑ ይጠራዋል፤ አውሮፕላን የሚጠብቅ ግን የለም። ልደታን ዋና ማረፊያነቱን ያሳጣው የቴክኒክ ጉዳይ ነው፤ ሜግስን ያስዘጋው የመሬቱ ፈላጊ ነው። ሁለቱ መምታታት የለባቸውም።

የኮምቦልቻውም ቆሞ ያውቃል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ በረራው ተቋረጠ። ያኔ ማን እንደዘጋው መጠየቅ አያስፈልግም ነበር፤ ሁላችንም አውቀነዋል።

ኮምቦልቻንስ አንድ ከንቲባ ተነስቶ ሊዘጋው ይችላል?

አይችልም። እኛ አገር ማረፊያዎቹን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕ ነው፤ የኤርፖርቶች ድርጅት በ2017 ወደ እሱ ተጠቃሏል። ተቆጣጣሪው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ሁለቱም የፌዴራል ናቸው። የከተማው አስተዳደር ዶዘር ሊኖረው ይችላል፤ መንደርደሪያው ግን የእሱ አይደለም። ቺካጎ ላይ ከተማው ራሱ ነበር ማረፊያውን የሚያስተዳድረው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ማረፊያን ግን ሳይዘጉትም ማጣበብ ይቻላል፤ ይሄኛው የእኛንም ደጅ ያንኳኳል። ኮምቦልቻ እያደገች ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፤ ፋብሪካው አለ፤ ቤት ፈላጊው ብዙ ነው። ዙሪያዋ ተራራ ስለሆነ አውሮፕላን የሚገባበት ሰማይ ድሮም ሰፊ አይደለም። በዓለም አቀፉ ደንብ በመሣሪያ እየታገዘ የሚታረፍበት ትልቅ መንደርደሪያ ፊት ለፊት ያለው ሰማይ ባዶ መሆን አለበት፤ ገደቡ በየ50 ሜትሩ 1 ሜትር ከፍ እያለ ይሄዳል። ከጫፉ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ወደ 20 ሜትር ነው ማለት ነው፤ የስድስት ፎቅ ያህል። ከዚያ በላይ የሚወጣ ፎቅ፣ የሞባይል ማማ ወይም የውሃ ታንከር ሲበዛ አውሮፕላኑ ጭነት ለመቀነስ ይገደዳል፤ ሲብስ ደግሞ መንደርደሪያው ከጫፉ ይቆረጣል። ስለዚህ በመንደርደሪያው አቅጣጫ ርካሽ ቦታ አገኘሁ ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት የከፍታ ገደቡን ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።